የጭራቁ ጉድጓድና አሥራ ሁለት ቆርኪ

ወንድሜ ያን ጨዋታ ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ከራሴ ነው ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባታችን የሸመነውን ጋቢ ተሸክሞ ሽሮ ሜዳ ገበያ ሲሄድ የሽመናው ክፍል ለሁለታችን ይለቀቅ ነበር። አባቴ እግሩን ከቶ የሚሠራበት ጉድጓድ የጭራቅ ቤት ይሆናል፤ ክር የሚጠቀለልበት ባዶ ቀሰም ደግሞ ጀግናችን። ጀግናውን በክር አስረን ወደ ታች እንለቀዋለን።

ከመውረዱ በፊት ግን አሥራ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ይታደለዋል። ለጉልበት፣ ለእግር፣ ለብልሃትና ለነፍስ ማከፋፈሉ የእኔ ፋንታ ነበር። ጉልበት ለመምታት፣ እግር ለማምለጥ፣ ብልሃት ጭራቁ ለሚጠይቀው እንቆቅልሽ፤ ነፍሱ ያለቀበት ደግሞ አለቀለት። ጭራቁም፣ ቤቱን የሚጠብቁት ጅቦችም፣ ዳኛውም ወንድሜ ነበር። እንዲህ ያለ ዳኝነት የት አገር እንዳለ እንጃ።

እኔ ሁልጊዜ ጉልበት ላይ እከምር ነበር። ጭራቅ አይቶ የሚሸሽ ጀግና ምኑን ጀግና ሆነ?

«ትንሽ ለብልሃት አስቀምጪ እንጂ» ይለኛል።

«ብልሃቱን አንተው ያዘው።»

እንቆቅልሹ ሲመጣ ታዲያ አፌን ይዤ እቀራለሁ። «አገር ስጪኝ» ይላል ጭራቁ። አንድ አገር ሰጥቼ መትረፍ እችል ነበር፤ እሱ ግን ሆን ብሎ ሰፈራችንን ጉለሌን ይጠይቀኛል፣ እኔም ጉለሌን አልሰጥም ብዬ ጀግናዬን አስበላለሁ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እያለ ሲዘፍንብኝ በንዴት ክሩን እበጥሰዋለሁ። እሱ እየሳቀ ይቀጥለዋል። ከእኩዮቹ ጋር ኳስ መጫወት ሲችል ከእኔ ጋር ጉድጓድ አፍ ላይ ይውል ነበር። በጣም እወደው ነበር፤ ነግሬው ግን አላውቅም።

እናታችን በሩ ሥር ጥጥ እየፈተለች ትሰማናለች እንጂ አትገባም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «የገባው ሁሉ የሚበላ ከሆነ ለምን ትልኩታላችሁ?» አለችን።

ወንድሜ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላው ለብሔራዊ ውትድርና ቀበሌ ስሙ ተጠራ። በዚያ ዘመን ከሰፈራችን ወደ ሰሜን የሄደ ሁሉ አይመለስም ነበር፤ እናቴም ይህን አሳምራ ታውቃለች። በሶውን ቋጠረችለት።

በሚሄድበት ዋዜማ፣ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ «ነይ፣ ዛሬ ለእኔ አድይልኝ፤ የምወርደው እኔ ነኝ» ብሎ ቆርኪዎቹን ፊቴ ዘረገፋቸው። እንደ ልማዴ ለጉልበት ዘገንኩ። ይሄኔ እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ገባችና አጠገባችን ቁጭ አለች። ከእጄ ላይ ቆርኪዎቹን ወሰደች። መሬት ላይ የቀሩትንም ሰበሰበች። ሁሉንም፣ አንድ ሳታስቀር፣ እግር ላይ ደረደረቻቸው።

«እማዬ፣ እንዲህማ አይፈቀድም» አላት ዳኛው።

«ጭራቁን የፈለገ ይግደለው። አንተ ሮጠህ ና።»

ሊስቅ ጀመረና ተወው። ራሱን ጭኗ ላይ አሳረፈ። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን፣ የተበተነው ጦር በየመንገዱ ሲጎርፍ፣ እናቴ አስፋልት ዳር እየቆመች የመጣውን ሁሉ ፊቱን ታይ ነበር። እሱ ግን የመጣው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ የሰው ሸሚዝ ለብሶ በራችን ላይ ቆሞ አገኘነው። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን ዓይኗን ማየት አፈረ።

«ተዋግቼ አይደለም የመጣሁት፣ እማዬ» አላት። «ጓደኞቼ እዚያው ሲቀሩ እኔ ሮጥኩ።»

ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችው።

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ የኔ ልጅ።»