በፊውዝ ፋንታ የገባች ሽቦ

የካሣሁን እጅ አይታማም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ ሙያውን እንዳትንቁበት። አገር ቤት ሳለ የተራራ ላይ ሬዲዮ ጣቢያዎችን በባትሪ የሚያሠራ የቴሌ ቴክኒሻን ነበር። ደርግ ታላቅ ወንድሙን ሲያስረው ተራው የእሱ መሆኑ ገባውና በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ ገባ። ይኸው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር አንድ ጋራዥ ጥግ የመኪና ኤሌክትሪክ መሥራት ከጀመረ ሰባት ዓመት አልፎታል። የአገሬው ሰው «ፉንዲ ካሣ» ይለዋል፣ ባለሙያው ካሣ ማለቱ ነው።

ሲስተር ሠርክ ደግሞ ነርስ ናት። በሰሜን ኬንያ በረሃ እየዞረች ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ሕፃናት ትከትባለች። ካሣሁን ታይፎይድ ጥሎት ሦስት ሳምንት ሲተኛ፣ ከምትኖርበት ከሁርሊንግሃም ሰፈር በማታቱ ታክሲ እየተመላለሰች ያስታመመችው እሷ ናት። ስለዚህ ድርጅቱ ሩንዳ ሰፈር ይኖር ከነበረ ዲፕሎማት የተገዛ አልጋ ያለው ኮምቢ መኪና ሲሰጣትና «ካሣ፣ መብራትና የክትባት ፍሪጅ በፀሐይ አድርግልኝ» ስትለው፣ ስለ ዋጋ ትንፍሽ አላለም።

አንድ ሳምንት ለፋበት። ሶላሩን ጣሪያው ላይ አሰረ፣ ሁለት ትልልቅ ባትሪ ከአልጋው ሥር አስቀመጠ፣ ሽቦውን በአልጋው ብረት ሥር አሳልፎ እስከ ፍሪጁ ወሰደ። የቀረው ፊውዝ ብቻ ነበር። ከባትሪው አጠገብ፣ ከሁሉ በፊት፣ ወፍራም ፊውዝ መግባት አለበት፤ ሽቦ ከብረት ተነካክቶ እሳት ሊነሣ ሲል ቀድሞ ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው እሱ ነው። ቅዳሜ ሱቅ ለሱቅ ቢዞር ያን የሚያህል ፊውዝ ያለ ሰኞ አይገኝም አሉት። ካሣሁንም ባለሙያ ነኝ ያልን ሁላችን ሲቸግረን የምናደርጋትን አደረገ፦ በፊውዙ ቦታ አንዲት ቁራጭ የመዳብ ሽቦ አሰረ። ለሙከራ ብቻ ነው፣ አለ ለራሱ። መብራቱ በራ፣ ፍሪጁም መሥራት ጀመረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወዳጅ ዘመድ ኮምቢውን ሊመርቅ ዳቦ ይዞ መጣ። ሽማግሌው አቶ ገብረመድህን «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብለው መረቋት፤ ወደ ካሣሁን ዞር ብለውም «ይህ ልጅ የነካው አይበላሽም» አሉ። ያ ሁሉ ሰው አሜን አለ። እንግዲህ በዚያ መካከል አልጋውን ገልብጦ «ኧረ ገና አላለቀም» እንዴት ይበል? ይሉኝታ አፉን ያዘው። ጉዞዋ ማክሰኞ ነው፤ ነገ ገዝቶ ማንም ሳያይ ይቀይራታል።

ሰኞ ፊውዙን ይዞ ሲደርስ ኮምቢው የለም። ወደ ሰሜን ኩፍኝ ገብቷል ተብሎ ማለዳ ተጠርታ ሄዳለች።

ማክሰኞ ጠዋት ድርጅቱ ቢሮ ሄደ። ከበረሃ ጋር የሚያገናኘውን ሬዲዮ የያዘው ሥዩም የአገር ልጅ ነው። ሥዩም የሰማውን ደግሞ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የማይሰማ የለም።

«ካሣ፣ አንተ ነህ?» አለች ሠርክ በሬዲዮው። «መብራትህ እኮ ሌቱን ቀን አደረገልኝ።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ «አልጋውን አንሺና የመዳቧን ሽቦ ፍቺያት» ማለት ብቻ። ሥዩም አገጩን ተደግፎ ያየዋል።

«ሌላ ችግር የለም?» አለ ካሣሁን።

«ምንም።»

እሱም «በይ በርቺ» ብሎ መነጋገሪያውን መለሰ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የካሣሁን ዝምታ ግን ነቀዘ፤ እህል አላስበላው፣ እንቅልፍ አላስተኛው አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ አሥር ቀን ቆየ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሠርክ ጋራዡ መጣች። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። የበረሃው መንገድ ሽቦውን ከአልጋው ብረት ጋር እያፋተገ ልጦት፣ በጠራራ ፀሐይ ፍራሹ በእሳት ተያያዘ። እሷ ክትባቱን ላድን ብላ እጇን ሰደደች። ክትባቱም አልዳነ። በግራ እጇ አንድ ወረቀት ይዛለች፤ ድርጅቱ «እሳቱ የተነሣው በዕቃ አጫጫንሽ ጉድለት ነው» ብሎ እንድትፈርምበት የሰጣት ነው። ከፈረመች ሥራዋ ይሄዳል፤ ሥራዋ ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዷም የለም።

«ሽቦው ላይ ጀሪካን ጭኜበት ነበር» አለችው። «የለፋህበትን አበላሸሁብህ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

ይቅርታ እሱን ስትጠይቀው ጎማ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ ቅዳሜን፣ የመዳቧን ሽቦ፣ የእሑዱን ምርቃት።

ሠርክ ጠየቀችው። «ሬዲዮው ጋ የመጣኸው ይህን ልትነግረኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ሥዩም ስላለ ተውከው?»

«አዎ።»

«የሌለ ፊውዝ ከየት ታመጣለህ፤ እሱንስ ተውኩልህ» አለች። «ያን ጠዋት ግን እጄ ደህና ነበረ።»

ካሣሁን ወረቀቱን ተቀበላትና ጀርባው ላይ ሁሉንም ጻፈ፤ ስሙን እስከ አያቱ አድርጎ ፈረመበት። በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄደ፤ አምስት ሰው ነበር። ወረቀቱን ለሥዩም ሰጠውና «ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለው።

ሠርክ ከሥራዋ አልተነሣችም። በተቃጠለው ፋንታ አዲስ ኮምቢ ሲሰጣት መብራቱን የሠራላት ግን ሌላ ሰው ነው።