የውሃ ልክ መዳፍ

የእንጨት ሥራ ቤቱ ሰዎች «ውሃ ልክ» የሚል ስም ያወጡለት ወደውትም ቀንተውበትም ነው። ሌላው አናጢ የጣውላውን ልክ በመሣሪያ ሲያጣራ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቀኝ መዳፉን ያሳልፍበታል፤ እዚህ ጋ አብጧል ካለ፣ አብጧል። ከዚያ መዳፍ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም። እሱም ቢሆን በእጁ ይኩራራ ነበር፤ ትሑት ነበር ብሎ መዋሸት አይገባም።

መጀመሪያ ከቀለበት ጣቱ ሥር ትንሽ እብጠት ወጣች። የመላጊያው እጀታ ያመጣው መጅ መስላው ናቃት። ውላ አድራ ግን እንደ ገመድ ተወጠረችና ጣቱን ወደ ውስጥ ትስበው ጀመር። በዚያው ሰሞን ለገዛ ቤቱ የምግብ ጠረጴዛ ይሠራ ነበር። መዳፉን ሲያሳልፍበት፣ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ከሌላው ከፍ ያለ መሰለው። ላገው። አሁንም ከፍ አለበት፤ ደግሞ ላገው። እጄ ተሳስቶ ይሆን የሚል ሐሳብ በደጁም አላለፈም። በመጨረሻ እንጨቱ እርጥብ ነበር ብሎ ተራግሞ፣ ጠረጴዛውን እንደ ተኮራረፉ ወደ ቤት ወሰደው።

ሐኪም ቤት የሄደው ሚስቱ ጎትታው ነው። ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። መዳፉን ጠረጴዛዋ ላይ እንዲዘረጋ ብትነግረው፣ ከሥሩ እርሳስ የሚያሾልክ ክፍተት ታየ።

«ልጄ፣ ጠረጴዛሽ ጠማማ ነው» አላት።

ሚስቱ ሳቀች፤ እሱ ግን የምሩን ነበር።

ሐኪሟ በሽታው እያደር የሚብስ መሆኑን አስረዳችው። የጨረር ሕክምና ምናልባት ባለበት ያቆመው ይሆናል፤ የታጠፈውን ግን አያቃናም፤ ለሱም ቢሆን ትንሽ ዘግይቷል። ቀዶ ሕክምናው ጣቱን ያቃናዋል፤ ነገር ግን ነርቩ ከዚያ ገመድ ጋር ተጠጋግቶ ስለሚያልፍ ጣቱ ሊደነዝዝ ይችላል፤ ሕመሙም ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። መደንዘዝ የሚለውን ሲሰማ የቀረው ሁሉ ጆሮው ውስጥ አልገባም።

«ካላዩበት ዓይን ግንባር ነው። ጠማማም ቢሆን የሚሰማ እጅ ይሻለኛል። ቢላማ ከነካኝ ሞቼ እገኛለሁ!»

አስበውበት ይመለሱ ብላ ቀጠሮ ሰጠችው። እሱ ግን በልቡ ጨረሩን መርጦ ጨርሷል።

አንድ ቀን በዚያ በሠራው ጠረጴዛ ላይ ምሳ ሲበሉ ክርኑ ብርጭቆ ነካና ውሃ ተደፋ። ሚስቱ ውሃው የት እንደሄደ እንኳ ሳታይ፣ ጨርቁን በሱ በኩል ካለው ጥግ ላይ ጣል አደረገችው። ውሃው እየተንኳለለ መጥቶ እዚያው ተጠራቀመ።

ዓይኑን ጨፈነና ቦታውን በግራ መዳፉ ዳበሰው። ጎድጓዳ ነው። በገዛ መላጊያው የቆፈረው ጎድጓዳ። ቀኙን ቢያሳልፍበት፣ ቀኙ አሁንም አብጧል አለው።

ፈራ። ያ እጅ ከድቶት አያውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እጅህ ተሳሳተ ብዬ?» አለችው፤ ጨርቁን እየጨመቀች።

ይህን ሁሉ ጊዜ በሆዷ ይዛ ውሃውን ስትጠርግለት ኖራለች። እሷ ሳህኖቹን ስታነሳ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ «የደነዘዘ እጅ ዝም ነው የሚለው። ይሄኛው ግን ይዋሸኛል» አለ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ሳትጠይቀው መዳፉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ክፍተቱ ሰፍቷል። ጣቱ ሊደነዝዝ እንደሚችል ደግማ አሳሰበችው። ከጠረጴዛው ሥር ግራ እጁ የሚስቱን ቀሚስ ጨብጦ ነበር።

«ጠረጴዛሽ ደህና ነው፣ ልጄ» አላት። «እጄን አቅኚልኝ።»