ሦስት ደቂቃ ያልበቃው ሙፔታ

ታላቅ ወንድሜ ሙፔታ ካሺኪሺ በሚባለው መንደራችን፣ ከሐይቁ ዳር፣ ቀን ቀን መረብ ይጠግን ነበር፤ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ደግሞ ጊታር ይመታ ነበር። ጊታሩን ከጣውላ የሠራው ራሱ ነው፤ ክሮቹ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ናቸው፣ ፈትቶ አንድ በአንድ የለያያቸው። እኔ እኅቱ አጠገቡ ቆሜ እያጨበጨብኩ እቀበለው ነበር። ከዚያ ሽቦ ያወጣው የነበረውን ድምፅ ዛሬም ሳስበው እጄ ማጨብጨብ ያምረዋል።

ዘፈናችን ደንብ አለው። የመጣ ሰው ሁሉ በስሙ ይነሣል። የተዘለለ ሰው፣ "እኔ የመጣሁት ዓሣ ልሸጥ ነው?" ብሎ አኩርፎ ይሄዳል፤ ኩርፊያው ዓመትም ይፈጃል። ሙፔታ ግን ሰው ዘሎ አያውቅም። እያንዳንዱን ከነአባቱ፣ ከነጀልባው፣ ከነቀልዱ ነበር የሚያነሣው።

የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሸክላ አሳትሞ የራሱን ድምፅ ከሬዲዮ መስማት። ሦስት ጊዜ በአውቶቡስ ከተማ ድረስ ሄዶ አሳታሚዎቹ ከበር መልሰውታል።

አንድ የበጋ ማለዳ ግን ባ ሲምቤዬ የሚባል ሰው ("ባ" እኛ ዘንድ "አቶ" እንደማለት ነው) ከሾፌሩ ጋር ከከተማ የድምፅ መቅረጫ ቴፕ በመኪና ጭኖ መጣ። ባዶ የትምህርት ቤት ክፍል አስገባን። መንደሩም ተከትሎ መስኮቱ ላይ ተኮለኮለ።

"ባ ሙፔታ፣ አንድ ዘፈን፣ ሦስት ደቂቃ። የሸክላው አንድ ፊት ከዚያ በላይ አይዝም። ከዚያ ካላለፈ ይታተማል።"

"ሦስት ደቂቃ ምን ያህል ነው?" አለ ወንድሜ።

"እጄን ሳነሣ ያቆማሉ።"

ጀመረ። ደንቡ ነውና መጀመሪያ እንግዳውን አነሣ፣ ቀጥሎ ሾፌሩን፣ ቀጥሎ መስኮቱ ላይ ያለውን ሰው። ሰውየው እጁን ሲያነሣ ሙፔታ ገና የመጀመሪያውን መስኮት አልጨረሰም።

"ስም ይቅር!" አለ ባ ሲምቤዬ። "ዘፈኑን ብቻ።"

ሁለተኛው ደህና ሄደ፣ ጎረቤታችን የቾምባ እናት ብቅ እስክትል ድረስ። አሮጊቷ አዲስ ሻሿን አስራ፣ አገጯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተራዋን ትጠብቃለች። ሙፔታ አያትና ዓይኑን ጨፈነ። ደግሞ ገለጠ። ስሟን ጠራ። እሷም እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከዚያማ ማን ያቆመዋል?

"አንቺ ሴትዮ፣ አበላሸሽብን!" ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

"ሂድ ወዲያ! ያንተ ስም ሲጠራ ጥርስህ መች ተከደነ?"

ለሦስተኛው መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ሰዉ ማንጎው ዛፍ ድረስ ተባረረ። ቴፑ ሊያልቅ ነው፣ የመጨረሻው ነው ተባልን። ሙፔታ ሁለት ስንኝ ዘፈነና ባዶዎቹን አግዳሚ ወንበሮች አየ። እኔ በልቤ "አሁንስ ሆነለት" እላለሁ። እሱ ግን ክፍሉ ውስጥ ሰው ቢያጣ፣ ሐይቁ የወሰደብንን ሰዎች ይጠራ ጀመር። አባታችንን። ካፖሳን ከነጀልባው። የቾምባን አባት። እየተቀበልኩት እንባዬ አገጬ ደረሰ። ባ ሲምቤዬ እጁን አነሣ፤ ትንሽ ቆየና መልሶ አወረደው። የነቃነው ቴፑ አልቆ መንኮራኩሩ ባዶውን ሲዞር ነው።

"ባ ሙፔታ፣" አለ መነጽሩን እየጠረገ፣ "ከእርስዎ የሚበልጥ ሰምቼ አላውቅም። ግን ይህ ሸክላ ላይ አይገባም፤ አለቆቼ አይቀበሉኝም።"

"ከመካከሉ ቢቆረጥስ?" አልኩ፣ ለወንድሜ ሳስቼ።

ሙፔታ ዞሮ አየኝ። "ማንን ነው የምትቆርጪው?"



"ማሽኑ እስከ ማን ድረስ ያዘ?" ብሎ ወደ ሰውየው ዞሮ ጠየቀው።

"እስከ ካፖሳ ይመስለኛል።"

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ፤ ሌላ ሰው ከከተማ አልመጣም፣ ወንድሜም ድምፁን ከሬዲዮ ሳይሰማ ነው ያለፈው። ያን ቀን ግን ጊታሩን ታቅፎ ጥቂት ተቀመጠ። ፊቱን ማየት አልደፈርኩም። ኋላ፣ "ነይ እንጂ፣ ከካፖሳ በኋላ ያሉት ቀርተውብናል" አለኝ።

በሩንና መስኮቶቹን ከፈትኩ። ከሁሉ ቀድማ የቾምባ እናት ገብታ ከፊት ተቀመጠች። የባሏ ተራ ነበር።