አርባ ሰባት የጋራ ጓደኛ

ባለፈው ወር አንድ እሁድ ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ ገና ጋቢዬን ሳላወርድ ደጄ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው አገኘሁ... ሽማግሌ ተልከን መጣን አሉ።

ሽማግሌ! አንዱ ጢም እንኳ አላበቀለም። ሁለቱ ከሌላ ዞን ተቀይረው ወረታ የገቡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ አንዱ መምህር። እንደ አንድ ለአምስት ስብሰባ ተደርድረው ገቡ። ይባስ ብሎ አግቢው ልጅ ራሱ ከኋላቸው አለ። በእኛ ደንብ ልጁ ቤቱ ሆኖ ወሬ ይጠብቃል እንጂ አብሮ አይመጣም።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አለ መምህሩ።

ይቺን እንኳ ያውቃታል... ፌስቡክ ላይ አይቷት ይሆናል።

«ልጅዎን ጥሩዬን ለደሳለኝ ብለን ነው፣ አባት።»

ጥሩዬ የመጨረሻ ልጄ ናት። ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ይህን ቤት ቤት ያሰኘችው እሷ ናት። ልጁን አየሁት፤ መልከ መልካም ነው፣ አንገቱን ደፍቷል።

«የት ተዋወቃችሁ?»

«ፌስቡክ ላይ ነው፣ አባቴ።»

ጥሩዬ ከጓዳ ብቅ አለች። «እንግዳ ሰው አይምሰልዎ አባባ። አርባ ሰባት የጋራ ጓደኛ አለን» አለችኝ።

ፌስቡክን እኔም አውቀዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና አንዷን መስመር ለማንበብ አንድ እርሻ የማረም ያህል ይፈጅብኛል እንጂ አነባለሁ። ታዲያ እዚያ ማን አለ? የመንግሥት ሠራተኛው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ነጋዴው የገባለትን ጫማ ይደረድራል። መምህራኑ የሰው ሩዝ ረግጠው ማሳ መሃል ይቆሙና «ውብ ፎገራ» ብለው ይጽፋሉ... ሩዙን ማን ዘራው የሚል የለም። ኮረዳዋ የፊቷን ግማሽ ታሳያለች፤ ግማሹን ለማን እንዳስቀመጠችው እንጃ። ገበሬ የለ፣ ቄስ የለ፣ ባልቴት የለ። ከእኩዮቼ እኔ ብቻዬን ነኝ።

«አርባ ሰባቱን ተዋቸው» አልኩት ልጁን። «ዘርህን ቁጠርልኝ።»

ከሩቅ ሆኖ ለሚያነብ ልንገር። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከሰባቱ ባንዱ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው። ዘመድ ደግሞ አይጋባም።

«ደሳለኝ መንገሻ...»

«እሺ።»

«መንገሻ አያሌው...»

«እሺ።»

«አያሌው...» ቆመ። እጁን ኪሱ ከቶ ስልኩን አወጣ።

«ምን ልታይ ነው? አያትህ ፌስቡክ አለው?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። ሦስቱም ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከአባቱ ስም በላይ አያውቁትም።

«አያሌው... የይፋጉ አያሌው?» አልኩ።

«አዎ። አባቴ ይፋግ ነው የተወለደው፣ እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት።»

«የአያሌው እናትስ?»

«እሷ እንኳ... ጣራ ገዳም መንኩሳ ነው የሞተችው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አትጠገብ! ከይፋግ ሄዳ ጣራ ገዳም የመነኮሰችው አትጠገብ ደምሌ የአያቴ የካሴ ደምሌ እህት ናት። በጣቴ ቆጠርኩ። ደገምኩ። ለጥሩዬ ስል ተሳስቼ በሆነ እያልኩ ሦስተኛም ቆጠርኩ። አልተሳሳትኩም። አራተኛው ቤት ላይ የካሴና የአትጠገብ አባት ደምሌ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።

«ልጆቼ... እናንተ እህትና ወንድም ናችሁ።»

«አራተኛ ቤት ሩቅ አይደለም እንዴ፣ አባት? በሳይንሱ እኮ...» አለ መምህሩ።

«ሳይንሱ ራሱ መጥቶ ሽማግሌ ይሁናችሁ!»

ደሳለኝ ግን ጉልበቴን ስሞ ወጣ።

ጥሩዬ ስልኳን ጭኔ ላይ ጣለችው። «ቀለበቱን ለሰው ሁሉ ካሳየሁ ሁለት ሳምንቴ ነው!» እያለች ታለቅሳለች። አየሁት። እልል ያለው ብዛቱ! የወንድሜ ልጆች አሉበት። የደሳለኝ አጎት ልጆች አሉበት። ላይክ፣ ላይክ፣ ልብ... «ኧረ ዘመድ ናችሁ» ያለ አንድ የለም። የሚያውቀው ፌስቡክ የለውም፣ ፌስቡክ ያለው አያውቅም። ሁለቱም ያለኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔን ደግሞ ብሎክ አድርጋኛለች።

«ፊደል ቆጠራችሁ፣ ጓደኛ ቆጠራችሁ፣ ዘር መቁጠር አቃታችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ለእኔ መቼ ቆጠሩልኝ?»

...

ለወንዶቹ ቆጥሬያለሁ። ከብት ውሃ ስናወርድ ስም በስም እያስደገምኩ። እሷ እንስራዋን አዝላ ከኋላ ትከተለን ነበር። ሴት ልጅ ነገ የሰው ቤት ናት ብዬ ዞሬ አንድ ስም አልሰጠኋትም።

እንግዲህ እኔ ተሳሳትኩ ብሎ ይቅርታ የሚለምን ሰው አይደለሁም። ስልኬን ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩና የቤታችንን ሰባት ቤት፣ ሴቶቹን ጭምር፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩት። ጥሩዬ ብሎኩን አንስታ አነበበችው። እስካሁን በወጉ አታናግረኝም... ግን እስከ መጨረሻው አነበበችው።

መጀመሪያ ላይክ ያደረገው ማን መሰላችሁ? ደሳለኝ። ከሥሩም «እናመሰግናለን አጎቴ» ብሎ ጽፏል።

አማቴ ሊለኝ መጥቶ አጎቴ ብሎኝ ቀረ።