«ፋይን ነው» የተባለው ሱፍ

ሰባት ሺህ ዶላር ወጣብኝ። ያስወጣኝ አንድ ቃል ነው፤ እሱም የእንግሊዝኛ። በእናቴ ቋንቋ ብሸወድ ኖሮ እንኳ ይሁን እል ነበር።

ኦክላንድ ውስጥ፣ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያው አጠገብ ክርና ጨርቅ እሸጣለሁ። አልባኒ ውስጥ ደግሞ የአንገት ልብስ የምታሠራ ሴትዮ ነበረች። «አንገት የማይበላ ቀጭን ሱፍ ካመጣህልኝ የዓመቱን በሙሉ ካንተ እወስዳለሁ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ደንበኛ በዕድሜ አንዴ ነው የሚገኘው። ከሳን ሆዜ ወዲያ ኮረብታው ላይ በግ የሚያረባ ሰው አገኘሁ። የቀረኝ የሱፉን ቅጥነት የሚለካልኝ ነበር።

ዶክተሩ ብቅ ያሉት እዚህ ላይ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሱፍ የሚለካ ትንሽ ማሽን ገዝተዋል፤ በግ ሳይኖራቸው ለምን እንደገዙት እግዜር ይወቅ። እኔ ሱፉን አንገቴ ላይ አሽቼ ልሞክረው ስል ሳቁብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ መርካቶ አይደለም። ኳሊቲ ኮንትሮል ይባላል።»

«እሺ ዶክተር፣ እርስዎ ያውቃሉ።»

በጎቹ የተሸለቱ ቀን እሳቸው ሱፉን ሊለኩልኝ እርሻው ላይ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርን። ባለበጉ «ሌላ ገዢ አለኝ» እያለ በስልክ ሲያጣድፈኝ፣ «ዶክተር፣ ቶሎ ኮል ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ደወሉ።

«ቴስት አድርጌዋለሁ። ፋይን ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ፋይን ነው አልኩህ እኮ!»

በሱፍ ነጋዴ አፍ ፋይን ማለት ቀጭን ማለት ነው። ገንዘቡን ላክሁ፤ ሱፉ ተጫነ።

ሴትዮዋ ከረጢቱን ከፈተች፤ አንድ እፍኝ አንስታ አንገቷን አሸት አሸት አደረገችበት። አንገቷ ቲማቲም መሰለ። «ይሄን ለቀድሞ ባሌም አላለብሰው» ብላ ከረጢቱን መለሰችልኝ። የዓመቱ ሥራ እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ።

«ሱፉ እኮ ይኮሰኩሳል!»

«ሊሆን ይችላል። ሱፉን መቼ ለካሁትና?»

«ምን አሉኝ?»

«ቴስት ያደረግኩት ማሽኑን ነው። ቅጥነቱ የታወቀ መሞከሪያ ሱፍ አብሮት ይመጣል፤ መጀመሪያ በእሱ ይፈተሻል። ፋይን ነበር፤ ማሽኑ ደህና ነው ማለቴ ነው። ወደ በጎቹ ሱፍ ልሄድ ስል ጫናችሁት።»

«ታዲያ ሲጫን ለምን ዝም አሉ?»

«ከፍለሃል አሉኝ። በነጋዴ ሥራ አልገባም።»

ሚዛኑን በድንጋይ ኪሎ ፈትሾ፣ ሥጋውን ሳይመዝን የሚጠቀልል ባለ ሥጋ ቤት አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ፤ ዶክትሬት አለው። አሁንም አፕታውን ምግብ ቤት ተቀምጠው ለሰው ስለ ጥራት ቁጥጥር ያስረዳሉ። ማሽኑ ንክች አላለም ይላሉ። ማሽኑን ማን ከሰሰው? ፋይን ቅጣት ማለትም እንደሆነ ኦክላንድ ውስጥ መኪናውን ያቆመ ሁሉ ያውቃል።

ሱፉን አንድ አትክልተኛ በስድስት መቶ ዶላር ወሰደው። ዛፍ ሥር ይነሰንሰዋል፤ ዛፍ አንገቱን አያሳክከውም። ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ትገዛለች። ሂሳቡ ተዘግቷል፤ ኪሳራ ስድስት ሺህ አራት መቶ ዶላር።