ለልጁ የተከፈተው መስኮት

ልጅ እያለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ ቤታችን ውስጥ «ልጅ» የሚለው ቃል አይነሳም ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ናት። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ አብጧል፣ የማንያታ ሰፈር ሰው ሁሉ ያያል፤ እኛ ግን ምንም እንዳላየን ሆነን እንኖራለን። እሷ በአበባማ የካንጋ ጨርቅ ሆዷን ሸፍና ትውላለች። ውሃ ወረፋ ላይ ሴቶቹ «ስንት ወርሽ ገባ?» ሲሏት «እስቲ ተዉት» ብላ ወሬ ትቀይራለች። አባዬም ስለ ጉዳዩ ማንሳት ግድ ሲሆንበት «ያ ነገር» ይላል እንጂ ስሙን አይጠራም።

የምንኖረው በኬንያዋ ሞያሌ ነበር። አባዬ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተሻግሮ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ቤታችን አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። ጠዋት ስንነቃ የፍየል፣ የናፍጣና ጎረቤት የሚጠበሰው ማንዳዚ የሚሉት ብስኩት ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ ይቀበለናል። እኛ የዚያ ሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት በስዋሂሊ ቆጥረን፣ ሜዳ ላይ በቦረና ቋንቋ ተጣልተን፣ ቤት ገብተን በአማርኛ የምንገረፍ ነበርን። ዛሬ ሳስበው ደስ የሚል ኑሮ ነው። በዚያ ዓመት ግን ደስታው በር ላይ ይቆም ነበር፤ ወደ ቤት አይገባም።

እንዲህ ዝም ያልነው ከዚያ በፊት በሆነው ነገር ነው። ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴ አርግዛ በነበረ ጊዜ ቤታችን ሠርግ የተደገሰበት ይመስል ነበር። አባዬ ከደንበኞቹ ጨርቅ የተረፈውን ቁርጥራጭ አጠራቅሞ ስድስት ትንንሽ ሸሚዞችና አንድ ቆብ ሰፋ። ቆቡ ለእኔ ጡጫ ልክ ነበር። እናቴና ጎረቤቶቿ ቀይ አፈርና እበት ረግጠው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረጉት፤ እኔም እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ አብሬያቸው ረገጥኩ። አባዬ ደግሞ «ልጄ ጨለማ ውስጥ አያድግም» ብሎ ከአልጋው ትይዩ ያለውን ግድግዳ በመሮ ፈልፍሎ መስኮት አወጣ። መዝጊያውን ከሳሙና ሳጥን ጣውላ ሠራው። ከዚያ በፊት ቤታችን መስኮት አልነበረውም። ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲዘረጋ እናቴ እየሳቀች እጇን ወደ ውስጡ ታስገባ፣ ታወጣ ነበር።

ወንድ ልጅ ተወለደ። እናቴን ያዋለደቻት አኮ ሎኮ ነበረች። «አኮ» በቦረና አያት ማለት ነው፤ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ተቀብላ ወደዚህ ዓለም ያስገባችው እሷ ስለነበረች ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። ወገቧ ላይ የማይለያት ቢላዋ ነበራት፤ እትብቱን በእሱ ቆረጠች። ሰባት ጊዜ እልል ተባለ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ ሴቶቹ በልተው መርቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አንድ ትእዛዝ ወጣ፦ «የአራስ ቤት መስኮት አይከፈትም፤ ልጁን ንፋስ ይመታዋል።»

ይሄ አልገባኝም። መስኮቱ የተሠራው ለእሱ አይደለም እንዴ? በሰባተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እናቴ እንቅልፍ ጥሏት ሳለ ተነስቼ ከፈትኩት። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ ሳቅ አፈነኝ። ወዲያው ከመንገዱ በኩል ነፋስ አዋራውን አንስቶ አመጣና ክፍሉን ሞላው። ልጁ ሁለት ጊዜ አነጠሰ። ደንግጬ ዘጋሁት፤ ጨርቁ ላይ ያረፈውን አቧራ በመዳፌ ጠረግኩለት። እናቴ አልነቃችም። በማግስቱ ድምፁ ተለወጠ። ከዚያ እኔን ጎረቤት ቤት ወሰዱኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን አባዬ በኮቱ ጠቅልሎ ይዞት ከሁለት ሰዎች ጋር ከከተማው ወጣ፤ ሲመለስ ኮቱን አልለበሰም። ስም ገና አልወጣለትም ነበር፤ ክርስትናም ስላልተነሳ ለቅሶ አልተቀመጥንለትም። ሸሚዞቹን እናቴ የት እንዳደረሰቻቸው አላወቅኩም።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ያህል ወንድሜን የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ እያወቅኩ፣ ጠጠር እየተጫወትኩ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ እያጠናሁ ኖርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እሱ ግን አልተወኝም። ቀትር ላይ ነፋስ ሲነሳ በመስኮቱ ጣውላና በጭቃው መሃል ባለው ስንጥቅ ቀጭን ድምፅ ይገባል፤ ሲጀምር ፉጨት ይመስላል፣ ሲቆይ ግን የአራስ ልጅ ለቅሶ ነው። የሰማሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። እናቴ ምስር እየለቀመች ከሆነ ጣቶቿ ሰፌዱ ላይ ቀጥ ይላሉ። ድምፁ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳታይ መልቀሟን ትቀጥላለች። ቀትር ክፉ ሰዓት ነው፣ ቀትር ላይ ደጅ አትውጡ የሚሉን ሽማግሌዎች ቀትር ቤት ውስጥም እንደሚገባ አልነገሩንም ነበር።

ስለዚህ እናቴ እንደገና ስታረግዝ ምንም እንዳይዘጋጅ ከለከለች። ግድግዳው ተሰነጣጥቆ እያለ አይመረግም። አንድም ጨርቅ አይታጠብም። «ከዚያኛው የተረፈ ነገር እዚህ ቤት እንዳይገባ፤ ለዚህኛውም ሳይመጣ ምንም እንዳይገባ» አለች። አንድ ቀን ለአባዬ ምሳ ይዤለት ስሄድ በጣም ትንሽ ነጭ እጅጌ ሲሰፋ አየሁት። ሲያየኝ ቶሎ ብሎ የደንበኛ ሱሪ ጣለበትና «ለእናትሽ አትንገሪ» አለኝ። እኔም የምሠራውን ያኔ ወሰንኩ። እሱ በድብቅ ልብስ ካዘጋጀ፣ እኔ ደግሞ በድብቅ ቤቱን አዘጋጃለሁ። ያ መስኮት መደፈን ነበረበት።

እናቴ ዘመድ ልትጠይቅ ሽቅብ ወደ ማዶ የተሻገረች ዕለት ሥራዬን ጀመርኩ። በአህያ የመጣ አንድ ጀሪካን ውሃ በር ሥር ነበር፤ የሁለት ቀን ውሃችን ነው። አፈር ላይ ደፋሁት፣ እበት ጨመርኩበት፣ ረገጥኩት። በርጩማ ላይ ቆሜ ስንጥቁን፣ ከዚያ ጣውላውን፣ ከዚያ መስኮቱን በሙሉ በጭቃ ደፈንኩት። ስጨርስ ቤቱ ጨልሞ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ስትቆም አላየኋትም።

«ውሃውን ምን አደረግሽው?» አለች። ከዚያ ዓይኗ ጨለማውን ለመደና ግድግዳውን አየች። «ሙሉ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«እንዳይገባ ነው» አልኳት።

«ማን?»

በርጩማው ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። እንደከፈትኩት፣ አዋራው እንደገባ፣ ሁለት ጊዜ እንዳነጠሰ፣ በመዳፌ እንደጠረግኩለት። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ግን ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። በጨለማው ውስጥ ፊቷ አይታየኝም።

«ነይ ወዲህ» አለች በመጨረሻ። ሄድኩ። ጭቃ የሆኑ እጆቼን ካንጋዋ ላይ ሳበቻቸው። «ሳጠባው በነጠላ የምሸፈነው ለምን ይመስልሽ ነበር?»

«ዓይን እንዳይገባው።»

«አይደለም። እንዳታዪ ብዬ ነው። ልጁ አይጠባም ነበር፣ ሙሉ። ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ጡት አፉ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ታሞ ነው የመጣው። አንቺ መስኮት ከፈትሽ አልከፈትሽ እሱ ሊሄድ ነበር። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው ጭቃው ሳይደርቅ መሮውን አምጪ።»

አብረን ቆፈርነው። ብርሃኑ መጀመሪያ በጣት ቀዳዳ፣ ከዚያ በእፍኝ፣ ከዚያ ሙሉ ሆኖ ገባ። አባዬ ማታ ሲመጣ ሁለታችንም ጭቃ ለብሰን አገኘን። እናቴ ቀና ብላ «የደበቅከውን ልብስ አምጣው፤ ልጁ ራቁቱን አይቀመጥም» አለችው። በዚያ ዓመት ሆዷ ውስጥ ያለውን «ልጁ» ስትል መጀመሪያ የሰማኋት ያኔ ነው። አባዬ ወጥቶ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ተመለሰ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ጎረቤቶች መጥተው ግድግዳውን መረጉ። እኔ የአባዬን አሮጌ ሸሚዞች ቀድጄ፣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ለሽንት ጨርቅ አጣጠፍኩ። አኮ ሎኮ በእንጨት ጭስ ያጠነችውን የወተት ዕቃ አምጥታ ማዕዘን ላይ አስቀመጠች። እናቴ አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተለወጠችም፤ ከዚያኛው ጊዜ የነበረ ዕቃ እንዳይነካት። አልጋ ልብሱ ተቀየረ፣ ሳህኑ ተቀየረ፣ አኮ ሎኮንም «ቢላዋሽን ተዪው» አለቻት። አባዬ ከሱቅ ወረቀቱ ያልተቀደደ ምላጭ ገዛ። አኮ ቅር አላት፤ ግን እሺ አለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት እልልታ ሰማሁ። ሴት ናት። እኔ ግን እልል አላልኩም፤ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ሰባተኛው ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ቀረሁና አልጋው ሥር ተቀመጥኩ። በስምንተኛው እናቴ ነጠላዋን ገልጣ «ነይ እዪ» አለችኝ፤ እህቴ ላብ እስኪያጠምቃት ትጠባለች። አሥራ አንደኛው ቀን አለፈ። በማግስቱ አባዬ ስሟን ካሳነሽ አለ፤ እኔም ወጥቼ ከልጆች ጋር እስኪመሽ ተጫወትኩ። ነፋሱ ከዚያም በኋላ በስንጥቁ ይጮህ ነበር። ግን ከእኔ ምንም የሚፈልግ አይመስለኝም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የራሴን የመጀመሪያ ልጅ ሳረግዝ፣ ክሊኒክ ውስጥ ክንዴ ላይ መርፌ ተወጋሁ። ነርሷ ምን እንደሆነ ስጠይቃት መንጋጋ ቆልፍን እንደሚከላከል ነገረችኝ። በቆሸሸ ስለት እትብቱ የተቆረጠ ሕፃን መጀመሪያ ደህና ይጠባል፣ ከዚያ አፉ ይገጥማል፣ ጀርባው ይለጠጣል አለችኝ። ሰምቼ ወጣሁ። የእኔ ወንድም ጭራሽ ያልጠባ ስለነበር አላገናኘሁትም።

በዚያው ሰሞን እናቴን ልጠይቅ ሞያሌ ስሄድ አኮ ሎኮን አየኋት። ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። ሆዴን በእጇ ዳሰሰችና «ሙሉ፣ አንተ ልጅ ልትወልድ ነው?» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ሳቋን ተወች። «አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ። የእናትህ ልጅ፣ ያ ወንዱ። ሰባት ቀን ጥሩ ጠባ። እንደ ጥጃ ጠባ። እኔ ራሴ አየሁ። ከዚያ አፉ ተቆለፈ፣ ጀርባው ቀስት ሆነ። እኔ ብዙ ልጅ አዋለድኩ፤ የዚያ ልጅ ግን አይወጣልኝም። አንተ ተምረሃል። በምን ሞተ?»

በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ገባኝ፤ እናቴ በዚያ ጨለማ ውስጥ ያደረገችልኝና የቢላዋው ነገር። እጇ ገና ሆዴ ላይ ነበር። የተሸበሸበ፣ ሞቃት፣ ስንቱን የተቀበለ እጅ።

«መስኮቱን እኔ ከፍቼው ነበር፣ አኮ» አልኳት። «ንፋስ መትቶት ይሆናል።»

እጇን አንስታ ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች። «አንተ ትንሽ ነበርክ» አለች። «ልጅ አያውቅም።»

ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። እሷም ስለዚያ ቀን ዳግመኛ ሳታነሳ አረፈች።

የዛሬዎቹ ልጆቻችን ሲያረግዙ ወንድ ይሁን ሴት አስቀድመው ያውቃሉ፤ አልጋው ተገዝቶ፣ ክፍሉ ቀለም ተቀብቶ፣ ስሙም ወጥቶ ይጠበቃል። እሰየው እላለሁ፤ መርፌውም እሰየው። እኛ ቤት ግን ሳይጠራ የሄደ አንድ ልጅ አለ። የት እንደተቀበረ የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳያሳየን ሞተ። ያኔ ከከተማው ውጭ የነበረው ሜዳ ዛሬ ሱቅና ቤት ሞልቶታል፤ የጭነት መኪና ይቆምበታል። ሞያሌ ስሄድ በዚያ በኩል ማለፌ አይቀርም። የቱ ጋ እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ቦታ ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው።