የእትዬ ዘነቡ ሳግ

ባለፈው ሰሞን ወደ ጉለሌ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን ከፍቶ ሲስቅ፣ ያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ረጅም «ወይኔ ልጄን»፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ከዚያ እንደ ጫጩት ጺው የምትል ሳግ። ሳጓ ላይ ሲደርስ የሰማው ሁሉ ሳቀ፣ ረዳቱም ጭምር። የአባቴ ድምፅ ነበር። «ወራጅ አለ» ብዬ ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩ።

አባቴ በደርግ ዘመን አገር ያወቀው ኮሜዲያን ነበር። እትዬ ዘነቡ የምትባል ሴትዮ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሟቹ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ለቅሶ ቤት ገብታ ከቤተሰቡ በላይ የምታለቅስ፣ ሳጓን ሳትጨርስ ደግሞ ዞር ብላ «ንፍሮው ደርሷል?» ብላ የምትጠይቅ ሴትዮ። ለእንቁጣጣሽ በቴሌቪዥን ስትቀርብ፣ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቀበሌው አዳራሽ ብቻ ስለነበር፣ ሰው ከነልጁ ተጠቅጥቆ ገብቶ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አባዬ ቤት ውስጥ ግን ዝምተኛ ነበር፤ ሳቁን ሁሉ ለሰው አድሎ ባዶውን የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ሳጓን የወሰዳት ከገዛ እናቱ ነው። አያቴ ባሏን ቀብራ ስታለቅስ እንዲያ ያደርጋት ነበር አሉ። እናቴ «በእናቱ እንባ እንጀራ ይበላል» እያለች ታሾፍበት ነበር፣ ያኔ ገና ማሾፍ ነበረ።

በበጋው አፈሳ መጣ፤ ወጣቱን ከመንገድ እያነሱ ወደ ጦር ሜዳ ይልኩት ጀመር። እናቴ ታላቅ ወንድሜን ብርሃኑን እንስራ እንዲገዛላት ቀጨኔ ልካው ነበር። እንስራውን ይዞልን የመጣው ባለሱቁ ጋሽ ሱሩር ነው። ደጃፋችን ላይ አስቀመጠውና «ልጁን ወሰዱት፣ ቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው» አለ።

አባዬ ሱፉን ለብሶ፣ ምናልባት ልጅ ሲያዩ ይራራሉ ብሎ እኔንም እጄን ይዞ ሄደ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ወንድ ልጄ ነው» ብሎ ገና ሲጀምር ሰውየው ፈገግ አለ። አባዬ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ፈገግታው ሳቅ ሆነ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊይዝ ሲል ደግሞ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

«ኧረ ጋሽ ተሰማ፣ በሳቅ ሊገድሉኝ ነው።»

«ቀልድ አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፣ በልጅዎ ይዤዎታለሁ።»

«በቃ፣ በቃ። እስቲ እትዬ ዘነቡን ያምጧት፣ ልጆቹም ይፍታቱ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

አባዬ «ከዚያ እንነጋገራለን» የምትለዋን ይዞ ወጣ። በር ላይ ልጆቻቸውን ከሚጠብቁት እናቶች ካንዷ ነጠላ ተውሶ አዘቀዘቀና፣ መሬት ላይ ለተደረደሩት ልጆች ግቢው መሃል ቆሞ አለቀሰ። «ወይኔ ልጄን» አለ፣ ሳጓን አመጣት፣ ንፍሮውንም ጠየቀ። ጠባቂዎቹ ጠብመንጃቸውን ተደግፈው ሳቁ። ብርሃኑ ራሱ አፉን በመዳፉ ይዞ ሲስቅ አይቼዋለሁ፤ ወንድሜን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። እናቶቹ አልሳቁም። ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ ለአባዬ ሻይ አዘዘለት፣ አባዬም ንግግሩን እየጠበቀ ሻዩን ሲጠጣ፣ ልጆቹን የጫነው መኪና በጓሮ በር ወጣ።

እናቴ ዘንድ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። በእኛ ዘንድ ላልሞተ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ሕፃን እንኳ በጨዋታ ሙሾ ቢያወርድ አፉን በጥፊ ይባላል።

«በቁሙ አለቀስክበት» አለችው፣ ቀስ ብላ።

«ላስፈታው ብዬ እኮ ነው።»

«በቁሙ፣ ተሰማ። በቁሙ አለቀስክበት።»

ከዚያን ቀን በኋላ የአባዬን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ክረምቱ ሲገባ፣ ከብርሃኑ ጋር የታፈሰ የሰፈራችን ልጅ አንድ እግሩን ትቶ ተመለሰና የብርሃኑን መሞት ለሽማግሌዎች ነገራቸው። ጎህ ሲቀድ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ጋሽ ሱሩርን አስቀድመው መርዶውን ይዘው መጡ። ጎረቤቱም ተከትሎ ግቢያችንን ሞላው። አባዬ ከነጋቢው ወጥቶ ጭቃው ላይ ቆመና «ወይኔ ልጄን» አለ። ሰው ለመድረክ አንድ፣ ለቤቱ ሌላ ልቅሶ የለውማ። ሳጓ ስትመጣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች ሳቁ። አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትወትፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ እያለቀሰች መስሎኝ ነበር። እሷም እየሳቀች ነበር፤ ከኋላዋም ሌሎች። ሊስቁ ፈልገው አልነበረም፣ አውቃለሁ፣ ግን ሳቁ። አባዬ ሰማቸው። እንደገና ሊጀምር ሞከረ፣ ያቺው ሳግ መጣች፣ ያው ሳቅ መጣ። ጋሽ ሱሩር ልጆቹን በከዘራው አባሮ ተመለሰና ጋቢውን ራሱ ላይ ጣል አደረገለት። «ይበቃዎታል ጋሽ ተሰማ፣ ወደ ውስጥ ይግቡ» አለው። አባዬ የልጁን ልቅሶ ሳይጨርስ ገባ። እናቴ ዞራ አላየችውም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘነቡን ተጫውቶ አያውቅም። ቲያትር ቤቱ ትንሽ ከለመነው በኋላ በር ላይ ትኬት እንዲቆርጥ አደረገው፣ እዚያው ጡረታ ወጣ። እናቴም ያን እንስራ ውሃ ሳታስነካው ጥግ ላይ ደፍታው ኖረች።

ያኔ የሳቁት ጎረቤቶች አፍረው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ንፍሮና እንጀራ ይዘው ሲመጡ ዓይናችንን አያዩም ነበር። የታክሲው ጎረምሳ የሚያፍርበት ነገር የለውም፣ እኔም አልፈርድበትም፣ የሚያስቅ ነገር ነው የሳቀበት። ሳጓ ግን እኔም ዘንድ አለች፤ በደም ነው መሰል የምትወረሰው። አባቴን የቀበርኩ ቀን፣ ሰዉ «ሲያስቀን ኖሮ» እያለ ሲያለቅስለት፣ እንዳታመልጠኝ ነጠላዬን ነክሼ ዋልኩ። ብርሃኑንም እስከ ዛሬ ድምፄን አውጥቼ አላለቀስኩትም።